ሰባት ሌሊት፣ አንድ የባሕር ቀን

አሜሪካ ያለችው ታናሽ እህቴ ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። "አንብቢውና ሳቂ" የሚል ድምፅም አብራ ልካለች። ጽሑፉ ስለ ክሩዝ ነው፤ በትልልቅ መርከብ እየተኙ ከወደብ ወደብ ስለሚዞሩበት ሽርሽር። ወላጆቻቸውን ከአገር ቤት ወስደው ማዝናናት ለሚፈልጉ ልጆች የቀረበ ምክር ነው።

ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ ተራውን ባለ በረንዳ ካቢን (የመርከብ መኝታ ክፍል) አትያዙ፤ ትንሽ ጨምራችሁ የስፓ (የማሳጅና የእንፋሎት ቤቱ) ካቢን ያዙ። ለምን? የዋጋው ልዩነት በቀን ሲካፈል የሁለት ማኪያቶ ነው። ስፓው ነጻ ይሆንላችኋል። ካቢኑ ከላይ ስለሆነ ጸጥ ያለ ነው። የራሱ ጤናማ ምግብ ቤት አለው። ሙቀቱ ሪህን፣ ደም ግፊትንና ስኳርን ያክማል። ቶሎ ስለሚያልቅም ቀድማችሁ ያዙ። መዝጊያው ላይ ደግሞ "ለእናት ምርጡ ይገባታል" ይላል።

እኔ አልሳቅሁም። ይህንኑ ምክር ሰምተን፣ ከፍለን፣ ሞክረነዋል።

እኔ ጅማ የምኖር ቡና ነጋዴ ነኝ። እኛ ጅማዎች ውሃ ዳር እንሂድ ስንል ቦዬ ነው። ጉማሬ ከወጣች አይተን፣ ካልወጣች ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ግን እማዬ ሰባ ዓመት ሞላት። ሮም የምትኖረው ታላቅ እህታችን፣ እትዬ፣ ሁላችንንም መርከብ ላይ ሰበሰበችን። ከአባ ጅፋር ኤርፖርት አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሮም። መርከቡ የተነሳው ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው ከቺቪታቬኪያ ወደብ ነው። ጄኖቫ፣ ማርሴይ፣ ባርሴሎና፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ባሕር ላይ፤ ከዚያ ፓሌርሞ፣ ኔፕልስ፣ ወደ ቺቪታቬኪያ መመለስ። ሰባት ሌሊት።

አራት ነበርን፣ ሁለት ካቢን ተያዘ። 15ኛ ፎቅ ላይ ያለው የስፓ ካቢን ለእማዬና ለእትዬ። 8ኛ ፎቅ ላይ ያለው ተራ ባለ በረንዳ ለእኔና ለታናሿ። ስለዚህ ሁለቱንም ገብቼ አይቻቸዋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። የስፓ ካቢን ማለት ስፓ ያለበት ካቢን አይደለም። እማዬም እትዬም እንደዚያ ነበር የመሰላቸው። ካቢኑ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ ከተራው ባለ በረንዳ ጋር ያው ነው። ለስፓው ቀረብ ይላል፣ የገላ መታጠቢያው ሻወር ሻል ያለ ነው፣ ጋዋንና ነጠላ ጫማ ይቀመጥላችኋል፣ ሻይም ይመጣል። ዋናው ጥቅም ግን የበሩ ካርድ የስፓውን የሙቀት ክፍሎች፣ ሳውናውንና እንፋሎቱን፣ መክፈቱ ነው። ሴሌብሪቲ የተባለው የመርከብ ኩባንያ አኳክላስ ይለዋል፤ ካርኒቫል ክላውድ ናይን ይለዋል፤ ሁለቱም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሌላው ኩባንያ ኮስታ ደግሞ ሳምሳራ ሲለው ኖሯል። ስሙ ብዙ ነው፤ የምትገዙት ግን ካርድ ነው።

እንግዲህ ወደ ምክሩ ልግባ።

"ልዩነቱ በቀን ሁለት ማኪያቶ ነው"

መጀመሪያ ነገር፣ ማኪያቶው የየት አገር ነው? የጅማ ከሆነ ውሸት ነው።

በእኛ ጉዞ በሁለቱ ካቢኖች መካከል የነበረው ልዩነት በሰው 210 ዩሮ ነበር። ለሰባት ሌሊት ስታካፍሉት በቀን 30 ዩሮ ይመጣል። "በሰው" የምትለዋን ቃል ግን ልብ በሉ። የመርከብ ዋጋ የሚነገረው አንድ ካቢን ውስጥ ሁለት ሰው ይተኛል ተብሎ ለአንዱ ሰው ነው። ካቢኑን ከፍ ስታደርጉ ሁለቱም አልጋ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ የከፈልነው ጭማሪ 420 ዩሮ ነው። ጸሐፊው የአንዱን ሰው ወስዶ ለቀን አካፈለው፤ ሌላኛው ሰው የት እንደገባ አልነገረንም። ብቻውን የሚሄድ ሰውማ ብዙ ጊዜ የባዶውንም አልጋ ስለሚከፍል እዳው የባሰ ነው።

አሁን ጽሑፉ ጨርሶ ወዳላነሳው ነገር ልምጣ። በዚያው መርከብ ላይ ተራ ካቢን የያዘ ሰው ለሙቀት ክፍሎቹ የሳምንት ፓስ መግዛት ይችል ነበር። ዋጋው ለአንድ ሰው 149 ዩሮ። ያው ሳውና፣ ያው እንፋሎት፣ ያው የጋለ መጋደሚያ። አዲስ አበባ ፍልውሃ የሄደ ሰው ይገባዋል፤ የክፍሉ ደረጃ ይለያያል እንጂ ውሃው ከአንድ ምድር የሚፈላ ነው። ከአራታችን ስፓ ወዳዷ እትዬ ብቻ ነበረች። ለእሷ ፓስ ብንገዛ 149 እንከፍል ነበር፣ 420 ከፈልን። ካቢኑ ፈለጋችሁም አልፈለጋችሁም ሁለታችሁንም ያስከፍላል፤ ፓሱ ፈላጊውን ብቻ።

ቡና ስንገዛ ጆንያው አፍ ላይ ያለውን አይተን ብቻ ዋጋ አንቆርጥም። ወግተን ከመሃል እናወጣለን። እዚህም የሚወጋው ጆንያ "በዚህ ጉዞ ስንት ቀን ባሕር ላይ እውላለሁ?" የሚለው ጥያቄ ነው። የእኛ አንድ ቀን ነበር። በሌሎቹ ቀናት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ወርደን ከተማ ስንዞር እንውልና አስራ አንድ ሰዓት ላይ እግራችን አብጦ እንመለሳለን። ከዚያ እራት ነው። እትዬን በመጨረሻ "በጠቅላላው ስፓው ውስጥ ስንት ሰዓት ተቀመጥሽ?" ብዬ አስቆጠርኳት። አምስት ሰዓት ተኩል። በሙሉ ሳምንት!

ያችም አንዷ የባሕር ቀን ደግሞ የእሷ ብቻ አልነበረችም። መርከቡ ሙሉ ሰው እዚያው ውሏል። የጋሉት መጋደሚያዎች ጀርባን ተከትለው የተቀረጹ፣ በሴራሚክ የተለበጡ ናቸው፤ እውነት ለመናገር ደስ ይላሉ። ግን ፎጣ ጥሎባቸው የሄደ አለ። ፎጣው ተጋድሟል፣ ሰውየው ምሳ ላይ ነው። ሠርግ ቤት ለዘመድ ወንበር የሚይዙ አክስቶች ትዝ አሉኝ።

"ስፓው ነጻ ይሆንላችኋል"

ነጻ የሚሆኑት የሙቀት ክፍሎቹ ናቸው። ማሳጁ ነጻ አይደለም። የፊት ማጽዳቱም፣ የጥፍሩም ነጻ አይደለም። በዋጋው ላይም ብዙ ጊዜ 18 ወይም 20 በመቶ ቲፕ በራሱ ጊዜ ይጨመራል። ብዙ መርከቦች ላይ ስፓውን የሚያካሂደው የመርከቡ ባለቤት ሳይሆን ውል የያዘ ሌላ ድርጅት ነው። የሠራተኞቹም ገቢ ብዙውን ጊዜ ከሽያጭ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ማሳጁ ሲያልቅ ሌላ ነገር ይጀመራል።

እትዬ ሃምሳ ደቂቃ ታሽታ ስትነሳ ልጅቷ ወረቀት ይዛ ጠበቀቻት። ሰውነትሽ ውሃ ይዟል፣ ትከሻሽ ላይ መርዝ ተጠራቅሟል፣ ይሄን የባሕር አረም ቅባት ለሦስት ወር ተቀቢ። እህቴ ሮም ገበያ ውስጥ ከነጋዴ ጋር በጣልያንኛ ተሟግታ የምታሸንፍ ሴት ናት። እዚያ ግን በጋዋን ተጠቅልላ፣ ጸጉሯ ረጥቦ፣ ሻይ ይዛ ቁጭ ብላለች። እንዲህ ሆኖ ማን ይከራከራል? 89 ዩሮ ከፈለች። ቅባቱ እስካሁን ቁም ሳጥኗ ውስጥ አለ፤ የባሕር ዳር ይሸታል። ማሳጅ ከፈለጋችሁ መርከቡ ወደብ በቆመበት ቀን ጠይቁ፤ ስፓው ባዶ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ቅናሽ አላቸው። ለዚህ ደግሞ የስፓ ካቢን አያስፈልግም።

እማዬስ? ጽሑፉ ሁሉ የተጻፈው ለእሷ ነበር አይደል።

በሁለተኛው ቀን ማታ እትዬ እየጎተተች ወሰደቻት። እኔ ካርድ ስለሌለኝ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። እማዬ ጋዋኑን ለብሳ በላዩ ነጠላዋን ጣል አድርጋለች። በሩ መስተዋት ነው። ውስጥ አንድ ሆዳቸው ገፋ ያለ ሰውዬ በዋና ቁምጣ ተጋድመዋል። አጠገባቸው ሁለት ወጣት ሴቶች በዋና ልብስ ተቀምጠው ያወራሉ። እማዬ ቆመች።

"ይሄ የወንዶቹ ነው። የሴቶቹ የታል?"

"የጋራ ነው እማዬ።"

"የጋራ?" ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። "ጢስ ከሆነ ቤቴ እሞቃለሁ።"

ተመለሰች። አለቀ። ሴት ልጅ ጓዳዋ ውስጥ ጉድጓድ ምሳ፣ ወይባ አጭሳ፣ ጋቢ ተከናንባ ጢስ ስትሞቅ ማንም አያያትም። የነገሩ ግማሽ ጥቅም እሱ ነው። ጸሐፊው ስፓው ውስጥ ስላለው የጨው ክፍል መብራት ቀለም ሁለት አንቀጽ ጽፏል። ክፍሎቹ አብዛኞቹ መርከቦች ላይ ወንድና ሴት የሚቀላቀልባቸው መሆናቸውን ግን አንድ መስመር አልጻፈም። ጅማ ላይ ይህን ምክር ለጎረቤታችን ለሐጂ ባለቤት ብነግራቸው ሳቃቸው አያባራም። በዚህ ጉዳይ እሳቸውና እማዬ አንድ ሃይማኖት ናቸው። ጭራሽ አንዳንድ የጀርመን መርከቦች ላይ ሳውና የሚገባው ያለ ዋና ልብስ ነው። እዚያ ሄደን ቢሆን እማዬ ከ15ኛ ፎቅ ትዘል ነበር።

"ከላይ ስለሆነ ጸጥ ያለ ነው"

ጸጥታው እውነት ነው። ሕፃን አይሯሯጥበትም። ግን ከላይ መሆን ሌላም ነገር አለው።

ከጅማ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄደ ሰው የኋላ ወንበርን ያውቃታል። ጊቤ በረሃ ቁልቁል ሲወርድ መሃል የተቀመጠው ያንቀላፋል፣ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ከጣሪያው ጋር ይጋጫል። መርከብም እንደዚያው ነው። መሃሉና ታችኛው ፎቅ የተረጋጋ ነው። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር ውዝዋዜው ይጨምራል። የስፓ ካቢኖች ደግሞ ብዙ መርከቦች ላይ ከላይ ናቸው፤ ስፓው ያለው እዚያ ስለሆነ። የእኛው ከላይም ከፊትም ነበር።

ከማርሴይ ወደ ባርሴሎና የተጓዝንበትን ሌሊት አልረሳውም። በዚያ በኩል ሚስትራል የሚሉት ቀዝቃዛ ነፋስ ከፈረንሳይ መሬት ወደ ባሕሩ ይነፍሳል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሊፍት ይዤ ወጣሁ። ካቢኑ ውስጥ የቁም ሳጥኑ ማንጠልጠያዎች ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ። እትዬ ፎጣ ልታስገባባቸው እየታገለች ነው። እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ፍራሹን ይዛለች፤ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። ጋዋኑን አልብሼ፣ ደግፌ ወደ 8ኛ ፎቅ አወረድኳት። እዚያ መርከቡ የሚሄድ አይመስልም። አልጋዬ ላይ ተኛች፣ እስኪነጋ አልተነሳችም። ከዚያ በኋላ 15ኛ ፎቅ ተመልሳ አላደረችም፤ እኔ ሄጄ ከእትዬ ጋር አደርኩ።

በነጋታው እንግዳ መቀበያው ጋ ሄድን። እማዬ ስፓውን ስለማትጠቀም መብቱን ወደ እኔ አዙሩልን አልናቸው። ልጁ በትሕትና፣ በፈገግታ፣ አይቻልም አለን። መብቱ ካቢኑ ሲያዝ በተመዘገበው ስም ነው፤ አይተላለፍም። ገንዘቡም አይመለስም። ስለዚህ እኔ ስፓ ካቢን ውስጥ እያደርኩ ስፓ መግባት አልችልም። እማዬ መግባት ትችላለች፣ ግን 8ኛ ፎቅ ላይ ናት። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄኔ ነው፤ 210 ዩሮ ከፍለንባታል።

የምግቡን ነገር ቶሎ ልለፈው። የስፓ ካቢን ለያዘ ብቻ የሚከፈት ምግብ ቤት ያላቸው መርከቦች አሉ፤ የሴሌብሪቲው ብሉ ይባላል፣ ቁርስና እራት ያቀርባል። የኛም መርከብ እንዲህ ያለ ነገር ነበረው። ግን ሁለታችን እንገባለን፣ ሁለታችን አንገባም። አራት ሆነን ዓመታት ተለያይተን ተገናኝተን፣ ሁለት ሁለት ሆነን ልንበላ? አንድ ቀንም አልሄዱበትም። እማዬ የጽጌን ጾም ይዛ ስለነበር በትልቁ አዳራሽ ከሥጋና ከወተት ነጻ የሆነውን ስትመርጥ ከረመች። ሳምንቱን ሙሉ በቲማቲም ፓስታ አለፈች፣ አላማረረችም።

"ሙቀቱ ሪህን፣ ደም ግፊትን፣ ስኳርን ያክማል"

እዚህ ላይ ቀልድ አቆማለሁ። ሙቀት የተወጠረ ጡንቻ ያፍታታል፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ለጊዜው ያስታግሳል። ይህን ማንም አይክድም። ማከም ግን ሌላ ነገር ነው።

ሰውነት ሲሞቅ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግፊት ይወርዳል። የደም ግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ከሳውና ድንገት ብድግ ሲል ሊያዞረው፣ ሊወድቅ ይችላል። እማዬ ደግሞ ኪኒን ትወስዳለች። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ከሆነ የጋለውን መጋደሚያ ሙቀት ላያውቀው ይችላል፤ ተቃጥሎ ነው የሚሰማው። ነፍሰ ጡር ሴትም ከእነዚህ ክፍሎች እንድትርቅ ይመከራል። መርከብ ላይ ደግሞ መጠጡ ብዙ ነው፤ አልኮልና ሳውና አይስማሙም። እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች ስፓው በር ላይም ተለጥፈው ነበር። ጸሐፊው በሩ ጋ ደርሶ ቢሆን ያነባቸው ነበር። ወላጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቁ።

"ቶሎ ያልቃል" የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ፓሱ በቁጥር ተወስኖ የሚሸጥባቸው መርከቦች አሉ። መፍትሔው ግን ካቢን መግዛት አይደለም። በተሳፈራችሁበት ቀን ሻንጣ ሳትፈቱ ወደ ስፓው ሂዱ። ያን ቀን ብዙ ጊዜ ያስጎበኛሉ፤ ክፍሎቹን አይታችሁ፣ ሰውየውን በቁምጣ አይታችሁ፣ ከዚያ ትወስናላችሁ።

ካቢኑ የሚያዋጣበት ጊዜ የለም አልልም። መርከቦች በፈረንጆቹ መኸር ከአውሮፓ ወደ ካሪቢያን፣ በጸደያቸው ከካሪቢያን ወደ አውሮፓ አትላንቲክን ያቋርጣሉ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ቀን በተከታታይ መሬት አይታይም። እንዲህ ባለው ጉዞ፣ ሁለታችሁም እንፋሎት የምትወዱ ባልና ሚስት ከሆናችሁ፣ የሁለት ፓስ ዋጋም ከካቢኑ ጭማሪ የሚቀራረብ ከሆነ፣ ያዙት። እትዬ ራሷ ባሏን ይዛ እንዲህ ልትሄድ እያሰበች ነው፤ እኔም ሂጂ ብያታለሁ።

ለእኛ ለአገር ቤት ሰዎች ግን ከሁሉ በፊት ቪዛ አለ። ጽሑፉ አንዲት ቃል አልተነፈሰበትም። ሜዲትራኒያን ላይ መርከቡ ቱኒዝ ወይም ቱርክ ገብቶ ወደ ጣልያን የሚመለስ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የሸንገን (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ አይበቃም። ከሸንገን ወጥታችኋል፣ እንደገና ልትገቡ ነው። ሻወሩ ምን ዓይነት ነው ከማለታችሁ በፊት የመርከቡን መንገድ ከቪዛችሁ ጋር አስተያዩ። ሌላም አለ፤ እማዬ በልብስ ጠቅልላ የያዘቻትን ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገና ስንሳፈር ፍተሻ ላይ ወሰዱባት። እሳትና ማሞቂያ ክልክል ነው። በመጨረሻው ቀን በደረሰኝ መለሱላት። ጀበናዋ ሳምንቱን ሙሉ በረንዳችን ጠረጴዛ ላይ ባዶዋን ተቀምጣ ባሕር ስታይ ከረመች።

ጅማ እንደተመለስን ጎረቤት ሁሉ "እንኳን በሰላም መጣችሁ" ሊል ቤታችን መጣ። ቡና ተፈላ። እማዬን ከመርከቡ ምን ወደድሽ ብለው ጠየቋት። እኔና እትዬ፣ እትዬ በስልክ ነበረች፣ ጆሯችንን አቆምን። ስለ ባርሴሎና አላወራችም። ስለ ስፓውማ ጭራሽ። ማታ ማታ አልጋ የሚያነጥፈው ልጅ በገላ ፎጣ ዝንጀሮ ሠርቶ፣ የእሷን መነጽር አድርጎለት፣ መጋረጃው ላይ ሰቅሎት መሄዱን ነበር የነገረቻቸው። አንዲት ሴትዮ አላምን ስላሏት ከጓዳ ፎጣ አስመጣችና ልታሳያቸው ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ደግማ ጠቀለለች። ጆሮው እምቢ አላት። ዝንጀሮው መስኮት በሌለው በርካሹ ካቢንም ይሰቀል ነበር።